ስለሚመላለስ የራስ ውጋትና ስለ ሐሳብ

(በሠፈራችን መረዳጃ ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



እንደምታውቁት እኔ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ በአንድ ወንበር የተማርን ሰዎች እዚሁ መካከላችሁ ስላሉ መዋሸት አልችልም። ሥራዬ መዝገብ መያዝ፣ መዋጮ መሰብሰብና ደረሰኝ መቁረጥ ነው። «ታዲያ ጸሐፊው ስለ በሽታ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር እውነት አለው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ባለፉት ወራት ለመዋጮ ከቤት ቤት ስዞር ከየበሩ የምሰማው ቃል አንድ ዓይነት ሆነብኝ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ዛሬስ ራሴን በመርፌ ይወጉኛል» ይሉኛል። ሁለት ቤት አልፌ ስሄድ አንዱ ወንድማችን ግንባሩን ይዞ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ሱቅ ስገባ ባለሱቁ ከስኳርና ከሳሙናው ይልቅ የራስ ምታት ክኒን በፍሬ እየቆጠረ ይሸጣል። እኔም በዚሁ በሽታ ሁለት ዓመት ያህል የተንገላታሁ ሰው ነኝ። ይህንን ለሊቀ መንበራችን ባጫውታቸው «እስቲ ያየኸውን ተናገር፣ ለሰው ይጠቅማል» አሉኝ። የሕክምናውን ነገር ግን ከራሴ አላመጣሁትም፤ የጤና ባለሙያዎችን ጠይቄ ነው በደብተሬ የጻፍኩት።

ይኸ በሽታ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. ግድም የቡና ዋጋ የወደቀበትን ጊዜ ከመካከላችን የማያስታውስ ትልቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዓለም ገበያ ዋጋው እጅግ ወርዶ፣ ለለቃሚ የከፈልነው እንኳ አልመለስ ብሎ ነበር። በሌላ አገር ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ብዙ ነው። እኔ ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ራሱን በእናቴ ሻሽ ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ የተሰጣውን ጀንፈል እያየ ደጃፉ ላይ ሲቀመጥ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። «አባባ ምን ሆንክ?» ስንለው «ራሴን ነው» ይላል። ከዚያ ሌላ ቃል የለም። ስለ ዋጋው ወይም ስለ ዕዳው አንድ ቀን ከአፉ ወጥቶ አልሰማንም። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ታሸዋለች፣ ቡናውን አፍልታ ጤና አዳም ጣል ታደርግበታለች። በኋላ ዋጋው ትንሽ ቀና ሲል ሻሹም ከራሱ ወረደ። ከቤታችን ሰው ግን ሁለቱን ነገር ያገናኘ አልነበረም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ለመናገር ትንሽ ያሳፍረኛል፣ ግን ካልተናገርኩት ይኸ ንግግር ምንም አይጠቅምም።

ለአንድ ዘመዴ ብድር ዋስ ሆኜ ነበር። ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ከአካባቢው ጠፋ። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመጣል እያልኩ ከረምኩ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ደረሰኝ እየጻፍኩ ሳለ ከጆሮዬ ከፍ ብሎ አንድ ነገር ወጋኝ። በወስፌ ሰክተው ወዲያው እንደነቀሉት ያለ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ዓይን እስኪረግብ ቢቆይ ነው፣ ከዚያ የለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሌላው በኩል ከቅንድቤ በላይ መጣ። በማግስቱ ሦስት ጊዜ። ማታ ማታ ደግሞ ውጋቱ ቀርቶ ግንባሬን በገመድ እንዳሰሩት የሚያጨንቅ ሕመም ይተካል።

መጀመሪያ ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አሸሁ። ቀጥሎ ክኒን ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከውጋቱም የባሰ ነው። ከወዲያኛው ሠፈር አንድ ሰው በራሱ ውስጥ እጢ በቅሎ መሞቱን ሰምቼ ነበር፤ ያ ነገር በልቤ ገባ። «የእኔም እንደዚያ ነው» ብዬ ቆረጥኩ። ከዚያ ወዲያ ውጋቱን እጠብቀው ጀመር። ሲመጣ «ይኸው መጣ» እላለሁ፤ ሲቀር ደግሞ «ለምን ቀረ? ሌላ ነገር ሊያመጣ ነው» እላለሁ። ሌሊት ተነስቼ ጭለማ ውስጥ ራሴን በጣቶቼ እየዳበስኩ እብጠት እፈልጋለሁ። ልጆቼ ሲስቁ እንኳ «አባት የሌላቸው ሊሆኑ ነው» እያልኩ አያቸው ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ውጋቱ በቀን ተደምሮ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ፍርሃቱ ግን ሃያ አራቱን ሰዓት ነው።

በመጨረሻ ያደረግኩትን ስሙ። ቡናዬን ገና በአበባው ሳለ ለነጋዴ ሸጥኩት። በአበባው የተሸጠ ቡና ስንት እንደሚያወጣ ለዚህ ጉባኤ መናገር አያስፈልግም። ገንዘቡን ይዤ በጅማ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ራሴን በመሣሪያ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ «ምንም የለብህም» አለኝና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። የሚወጋኝ እኔን ነው፣ እንዴት ምንም የለም ይባላል? ለመመለስ አውቶቡስ ተሳፍሬ ጅማ ሳልደርስ ወጋኝ። ያን ዓመት ኅዳር ላይ ቡናዬ ቀልቶ ሲለቀም እኔ በገዛ መሬቴ ላይ የሌላ ሰው ቡና ለቃሚ ሆንኩ።

መፍትሔው የመጣው ካላሰብኩት ቦታ ነው። ልጄን ለክትባት ጤና ጣቢያ ይዤ ሄጄ ሳለ ግንባሬን ስይዝ አንዲት ወጣት የጤና መኮንን አየችኝ። «ጋሼ፣ ራስዎን ያምዎታል?» አለችኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው አወራኋት። ጨርሼ ሳበቃ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፦ «ሲጀምርዎት በቤትዎ ምን ነበር?» ብላ። እኔ ዝም። እሷም አላስገደደችኝም። «እርስዎ ጸሐፊ አይደሉ? አንድ ወር ይጻፉልኝ» አለች። የወጋኝን ሰዓት፣ የበላሁትን፣ የተኛሁበትን ሰዓት፣ የጠጣሁትን ቡና በስኒ፣ የዋጥኩትን ክኒን፣ በዚያን ጊዜ በሐሳቤ የነበረውን። ይኸ ሥራ ለእኔ ቀላል ነው፤ የመዋጮውን መዝገብ እንደማሰምረው አሰምሬ ያዝኩት።

የጻፍኩትን ሳየው አፈርኩ። በሠላሳው ቀን ውስጥ ክኒን የዋጥኩት በ19 ቀን ነው። እኔ «አልፎ አልፎ» እያልኩ ነበር የማወራው! ውጋቱ የበዛባቸው ቀኖች ደግሞ አበዳሪው የሚልከው ሰው የመጣባቸውና ይመጣል ብዬ የጠበቅሁባቸው ናቸው። አንድ የገረመኝ ነገርም አለ። በዚያ ወር ሁለት ቀብር ነበረን። በሁለቱም ቀን ከሌሊት ጀምሬ ድንኳን ሳስተክል፣ ወንበር ሳስጭን፣ ለቀባሪ ሳስተናግድ ስዋል አንድም ጊዜ አልወጋኝም። በማግስቱ አርፌ ስቀመጥ ነው የመጣው። «ሰውነት እንደዚያ ነው፣ ሩጫው ሲያልቅ ነው ሒሳብ የሚጠይቀው» አለችኝ መኮንኗ።

እንግዲህ እሷና ሌሎችም ባለሙያዎች ያስረዱኝን በገባኝ መጠን ልንገራችሁ።

አንጎላችን ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሚያመው በዙሪያው ያለው ነው፦ ሽፋኑ፣ የደም ሥሩ፣ የራስ ቅልን የሸፈነው ጡንቻ፣ የአንገትና የመንጋጋ ጡንቻ፣ በነዚህ ውስጥ የሚያልፉት ነርቮች። ሰው ሲጨነቅ ሳያውቀው ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰበስባል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ሌሊትም ተኝቶ ያፋጫል። ኩንታል ተሸክሞ የዋለ ሰው ጀርባውን ቢያመው ማን ይደነቃል? የሚጨነቅ ሰውም ቀኑን ሙሉ በአንገቱ ኩንታል ተሸክሞ ነው የሚውለው፣ ኩንታሉ ስለማይታይ ነው እንጂ። በዚህ ላይ እንቅልፍ ይጎድለዋል፣ የምግብ ሰዓት ያልፈዋል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ደግሞም አንጎል የሕመምን ድምፅ እንደ ሬዲዮ ከፍ ዝቅ ያደርጋል አሉኝ። ፍርሃት ቁልፉን ወደ ላይ ያዞረዋል፤ ሌላ ሰው የማይሰማው ትንሽ ውጋት ለፈሪው እንደ መድፍ ይሰማዋል። ነገሩ ወዲያና ወዲህ ነው፦ ጭንቀት ራስ ያሳምማል፣ የሚመላለስ ራስ ምታትም በተራው ያስጨንቃል።

ዓይነቱም አንድ አይደለም። ግንባርንና ማጅራትን እንደ መቀነት የሚያጠብቀው ከውጥረት የሚመጣው ነው፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን የሚመታ፣ የሚያቅለሸልሽ፣ ብርሃንና ጫጫታ የሚያስጠላው ማይግሬን ነው፤ ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን ይዘልቃል፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። እንደ ወስፌ ወግቶ በሰኮንድ የሚለቀው ደግሞ ለብቻው አንድ ዓይነት ነው፤ ቦታ እየለዋወጠ የሚመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከበስተጀርባው ክፉ ነገር የለም፣ ማይግሬን ያለበትን ሰው ግን ይወዳል። የእኔ ይኸኛውና የመቀነቱ ዓይነት የተቀላቀለ ነው ተብያለሁ።

ብቻችንን አለመሆናችንንም ልንገራችሁ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የነበሩበት የአጥኚዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ በአገራችን ከመቶ አዋቂ ሰው ወደ 45 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ራስ ምታት ያገኘዋል። ከመቶው ወደ 18 የሚሆነው ማይግሬን፣ ወደ 21 የሚሆነው የውጥረቱ ዓይነት ነው። ከመቶ 3 ያህሉ ደግሞ በወር ውስጥ ከግማሹ ቀን በላይ ያመዋል። ይኸንን ቁጥር ሳነብ የማኅበራችንን መዝገብ ገልጬ አባሎቻችንን ቆጠርኩ፤ ስንቶቻችሁ ዝም ብላችሁ እንደተሸከማችሁት አሰብኩ።

አሁን ግን በጣም እንድታዳምጡኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደርሻለሁ። ጸሐፊው «ራስ ምታት ሁሉ ሐሳብ ነው» ብሏል ብላችሁ እንዳትሄዱ። በእኛ አገር ራስ ምታት ሲባል አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ወባ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዝናቡ ሲያባራ ወባ ይነሣል፤ ቡናም የሚለቀመው በዚያው ወቅት ነው፤ የገንዘብ ጭንቀቱም በዚያው ወቅት ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ይሳሳታል። ወደ በበቃ፣ ወደ ጉራፈርዳ ወይም ወደ ቴፒ ቆላ ለለቀማ የወረደ ሰው ተመልሶ ራሴን ቢል፣ ሰውነቱ ቢግል ወይም ቢያንቀጠቅጠው፣ «ድካም ነው፣ ሐሳብ ነው» ብሎ ማደር የለበትም። በዚያኑ ቀን ይመርመር፤ ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም ናት የምትወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ገደማ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፣ ከአንድ ሺሕ በላይ ሰው ሞቷል። የራስን ጭንቀት አውቆ ወባውን መርሳት ሞት ነው።

ሌላም ያለ ቀጠሮ ሐኪም ቤት የሚያስሮጥ አለ። በሕይወቱ አይቶ የማያውቀው ከባድ ራስ ምታት በድንገት እንደ መብረቅ የመታው ሰው። ትኩሳት ኖሮት አንገቱ አልታጠፍ ያለ ሰው። አፉ የተጣመመ፣ አንደበቱ የተሳሰረ፣ አንድ ወገኑ የዛለ። ራሱን ስቶ የወደቀ ወይም ያንፈራገጠው። ከዛፍ ወይም ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ራሱን ከተመታ በኋላ ያመመው፤ ይኸ በሞተር ብስክሌት ዘመን በዝቷል። ዕድሜው ከ50 በላይ ሆኖ ገና አዲስ የጀመረው። ጧት ጧት እያስመለሰው ከሳምንት ሳምንት እየባሰ የሚሄድ። ነፍሰ ጡር ሆና ራሷን የሚፈልጣት፣ ዓይኗ የሚጨልምባት፣ ፊቷና እጇ ያበጠ እኅት ካለች ደግሞ ለባሏም ለጎረቤቷም እላለሁ፦ ቡና አፍሉላት ሳይሆን መኪና ፈልጉላት። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው በመሣሪያ ተነሣ ቢባል ይነሣ፤ እኔ የተሳሳትኩት አንዱም ምልክት ሳይኖርብኝ፣ ማንንም ሳላማክር ቡናዬን መሸጤ ላይ ነው።

ወደ ቡና ልለፍ፤ እዚህ ላይ እንደምታጉረመርሙ አውቃለሁ። ቡና አብቃይ አገር ቆሞ ቡናን መክሰስ እንዴት ይሆናል? አልከስም፤ እኔም ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ነገር ግን በደብተሬ እንደጻፍኩት በቀን ሦስት ጊዜ፣ ያውም አቦል ቶና በረካ ሳልል ዘጠኝ ስኒ እጠጣ ነበር። በቡና ውስጥ ካፌይን የሚባል ነገር አለ። ሰውነት ከለመደው በኋላ በድንገት ሲቋረጥ፣ ከመጨረሻዋ ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ይፈልጣል፤ ሁለት ቀንም ሊቆይ ይችላል፣ ዘጠኝ ቀንም። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ እናቶች፣ በረመዳን መጀመሪያ ቀኖች የምትሰቃዩ ወንድሞች፣ ይኸ እንዳይሆን አስቡበት። ሲበዛ ደግሞ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ያለውን ጭንቀት ያባብሳል። «እኔ ቡና አልጠጣም፣ ጨሞ ነው የምጠጣ» የምትሉም አላችሁ፤ ጨሞም የቡና ቅጠል ስለሆነ ካፌይን አለው። ቁርጥ አድርጎ መተው አያስፈልግም። እኔ በየአራት አምስት ቀኑ አንዳንድ ስኒ እየቀነስኩ ወደ ሦስት አወረድኩት፤ የማታውን ጨርሶ ተውኩ። ባለቤቴ በረከቱን አልጠጣም አለ ብላ ለሁለት ሳምንት ያህል ቅር ብሏት ነበር።

ክኒኑ ግን ከቡናው ይብሳል። ፓራሲታሞል፣ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና የመሳሰሉትን የራስ ምታት ማስታገሻዎች አንድ ሰው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ለሚበልጥ ጊዜ ከወሰደ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። ጠንከር ያሉትማ በወር 10 ቀንም ይበቃቸዋል። ሰው ሲያመው ይውጣል፤ ስለዋጠ ያመዋል፤ ስላመመው ይውጣል። እኔ 19 ቀን ነበርኩ! በባለሙያ ምክር ሳቋርጠው የመጀመሪያው ሳምንት ከብዶኝ ነበር፣ እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀለለኝ። በዚህ ላይ ጨጓራን የሚልጡ አሉ፣ ጉበትን የሚጎዱ አሉ። ባለሱቁ ወንድማችን እዚህ ተቀምጧል፤ ገበያህን ልዘጋ አይደለም፣ ግን በየቀኑ የሚመጣውን ደንበኛ «ጤና ጣቢያ ሂድ» ብትለው አንድ ክኒን ቢቀርብህ ነው።

ስለ አገራችን መድኃኒት ደግሞ አጭር ቃል። ዳማከሴው ይታሽ፣ ሽታውም እናቴን ያስታውሰኛል። ዋግምትና ብጣት ግን ምላጩ ከሰው ሰው ስለሚዞር ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ያስተላልፋል፤ ተዉት።

ከሁሉ የከበደኝን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ፈርቼ ነው። የጤና መኮንኗ ደብተሬን አይታ «ጋሼ፣ ይኸ ጭንቀት ነው» ስትለኝ ደሜ ፈላ። በእኛ ዘንድ ጭንቀት ነው ማለት ወይ አስመሳይ ነህ፣ ወይ ልታብድ ነው ማለት ነው የሚመስለን። ሠፈር ውስጥ «አማኑኤል ሊወስዱት ነው» ብለን ስንሳለቅ አድገናል፤ አማኑኤል እኮ ሰው የሚታከምበት ሆስፒታል ነው። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ አላስመሰሉም። ጡንቻዎ ነው የታሰረው፣ ነርቭዎ ነው የሚወጋው። ምንጩ ግን ራስዎ ላይ ሳይሆን ዕዳዎ ላይ ነው።»

ያን ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። የዋስትናውን፣ የተሸጠውን ቡና፣ ሌሊት ሌሊት እብጠት የምፈልገውን፣ ሁሉንም። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «እኔ ሌላ ሴት ይዘሃል ብዬ ነበር እኮ ራሴን የሚያመኝ» አለችኝ። ሁለታችንም በአንድ ቤት፣ በአንድ ክኒን ዕቃ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ተደባብቀን ኖረናል። በሳምንቱ የዚህ ማኅበር ሽማግሌዎች ከእኔ ጋር አበዳሪው ዘንድ ሄዱ፤ ዕዳው በአራት መኸር እንዲከፈል ተስማማን። ሽማግሌዎቹ እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ እስከ ዛሬ አንድም ሰው ሳይሰማ ጠብቀውልኛል፤ ዛሬ እኔው ራሴ አወጣሁት።

ከዚያ ወዲያ የማደርገው ቀላል ነገር ነው። በአንድ ሰዓት እተኛለሁ፣ በአንድ ሰዓት እነሣለሁ። ቁርስ ሳልበላ አልወጣም፣ ውኃ እጠጣለሁ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እየተራመድኩ ወደ አማን አቅጣጫ ወርጄ እመለሳለሁ። ሲወጋኝ ትከሻዬን አወርዳለሁ፣ መንጋጋዬን አላላለሁ፣ በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ አስገብቼ ከገባው ይልቅ ረዘም አድርጌ አወጣለሁ፣ አሥር ጊዜ ያህል። መጀመሪያ ልጆቼ ሳቁብኝ፣ አሁን ለምደውታል። እንደኔ ያልቀለላቸው ሰዎች ሐኪም አይቶ ሲያምንበት ማታ ማታ የሚወሰድ፣ ሕመሙን አስቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት አለ። ሐሳቡ ከአቅም በላይ ሆኖ እንቅልፍ የነሣው፣ ምግብ ያስጠላው፣ ይልቁንም «ብሞት ይሻላል» እስከ ማለት የደረሰ ሰው ካለ አንድ ቀን አይደር። እዚሁ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያም አልፎ ቢላክ ጅማ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። መሄጃ ያጣ እኔ ዘንድ ይምጣ፣ አብሬው እሄዳለሁ።

ንግግሬን ስጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ያንተ ዕዳ ነው፣ ተከፈለ። የኔ ልጅ ዓረብ አገር ናት፤ ስልኳ ሦስት ሳምንት ሲጠፋ ራሴን ይወጋኛል። ሐሳቤ ካልሄደ ይኸ እንዴት ይተወኛል?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ያለኝን መልስ ሰጠሁ፦ «እማማ፣ የእኔም ዕዳ ገና ሁለት መኸር ይቀረዋል። ውጋቱም ጨርሶ አልተወኝም፤ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል። የተወኝ ፍርሃቱ ነው። ስልኩ ሲጠፋ ብቻዎን አይቀመጡ፣ ወደ እኛ ቤት ይምጡ» አልኳቸው። ከጎናቸው የነበሩት ሌላዋ እናት ወዲያው «የኔም እዚያው አገር ናት» አሉ። ሁለቱ አንድ መንገድ ላይ ሲኖሩ ይኸንን አያውቁም ነበር። ከስብሰባው በኋላ አብረው ሲሄዱ አየኋቸው።

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስለ ወባና ስለ ራስ ምታት ጥያቄ ለመመለስ ትገኛለች። ራሱን የሚያመው አባል እስከዚያ በደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጠጣውን ቡናና የዋጠውን ክኒን ጽፎ ይምጣ። መጻፍ የማይችል ልጁን ያስጽፍ፤ ልጅ የሌለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤት ቢመጣ እኔ እጽፍለታለሁ። የጻፍኩትን ለማንም አላሳይም።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሚዛን ተፈሪ